የጎርጎራዋ ያት

እህቴ ግሪክ ውስጥ በአንድ ያት፣ ማለትም ሀብታሞች ለሽርሽር በሚከራዩት ቅንጡ ጀልባ ላይ ምግብ አብሳይ ናት። ሰባት ዓመት ሆኗታል። እናታችን ግን ሥራው እስካሁን በቅጡ አልገባትም። ሰው ሲጠይቃት "መርከብ ላይ ናት" ትላለች። ግማሹ ጎረቤት ልጅቷ ባሕር ኃይል የገባች ይመስለዋል።

አንድ ዓመት ለጥምቀት ጎንደር መጣች። በዓሉ አለፈ፣ ታቦታቱ ወደየደብራቸው ተመለሱ፣ ከተማው ጭር አለ። ማታ ቡና እየጠጣን ሳለ "ለማላውቀው ሰው በየሳምንቱ የማደርገውን፣ ለእማዬ አንድ ቀን ላድርግላት" አለች። ያት ከየት ይመጣል? ጣና ግን አለ። ጎርጎራም ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ሥራው የተጀመረው በቅጽ ነው። ያት ከነሠራተኞቹ የሚከራይ ሰው፣ ጉዞው ከመድረሱ ሳምንታት በፊት አንድ ቅጽ ይላክለታል። ምን ይበላል? የማይስማማው ምግብ አለ? ቡናውን እንዴት ይጠጣል? ስንት ሰዓት ይነሳል? ዋና ይችላል? ልደቱን የሚያከብር አለ? እህቴ እንደምትለው የጉዞው ማማርና መበላሸት የሚወሰነው እዚህ ወረቀት ላይ ነው። በደንብ የሞላው ሰው ገና ሲሳፈር የሚወደው ነገር ይጠብቀዋል። "ሁሉንም እበላለሁ" ብሎ የላከው ደግሞ በሁለተኛው ቀን ማኩረፍ ይጀምራል።

እህቴ ቅጹን በአማርኛ ጻፈችውና እናታችን ፊት ተቀመጠች።

"እማዬ፣ ምን ምግብ ትወጃለሽ?"

"የተገኘውን።"

"የማትወጂውስ?"

"እግዜር የሰጠውን ምን ብዬ ነው የምጠላው?"

"ትራስሽ ጠንካራ ይሁን ለስላሳ?"

"አንቺ ልጅ፣ ውኃ ላይ ልታሳድሪኝ ነው እንዴ?"

ቅጹ ባዶውን ቀረ። እህቴ ተናደደች። እኔ ደግሞ ገብቶኛል። የእኛ አገር እናት አፍ አውጥታ "ይሄን እወዳለሁ፣ ያንን አልፈልግም" አትልም። ነውር ነው።

የገንዘቡን ነገር የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ሰው ኪራዩን ከከፈለ በኋላ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል አለች። ኪራዩ ግን በአብዛኛው ጀልባውንና ሠራተኞቹን ነው የሚሸፍነው። ነዳጅ፣ ምግብ፣ መጠጥ፣ የወደብ ክፍያ ሌላ ነው። ለዚህ ከኪራዩ 30 በመቶ ገደማ አስቀድሞ ለካፒቴኑ ይሰጣል። እሱ ከዚያ ላይ እያወጣ ደረሰኝ ይይዛል። መጨረሻ ላይ ሂሳብ ይሠራል፤ ከተረፈ ይመለሳል፣ ካነሰ ይጨመራል። በዚያ ላይ ለሠራተኞቹ የሚሰጥ ጉርሻ አለ። ሜዲትራንያን ላይ ከኪራዩ ከ5 እስከ 15 በመቶ የተለመደ ነው።

እናቴ ከጓዳ ሆና ትሰማለች። "ይሄን ሁሉ ከፍለው ገና ለወጡም ሊከፍሉ?" አለች።

ጎርጎራ ካለ አንድ ባለጀልባ ጋር በስልክ ተነጋገርን። "ጀልባና ሰው በእኔ፣ ነዳጅ በእናንተ" አለን። እህቴ ስልኩን ዘግታ ሳቀች። "ይሄው ነው እኮ!"

ረቡዕ ጠዋት መንገዱን ጠያይቀን በ12 ሰዓት ወጣን። አዘዞን አለፍን፣ ቆላ ድባን አለፍን፣ የደምቢያ ሜዳ ተዘረጋ። እህቴ ለስላሳ ቦርሳ ብቻ ያዙ ብላን ነበር። ጠንካራ ሻንጣ ያት ላይ አይወደድም፤ ባዶውን የሚቀመጥበት ቦታ የለም። እናቴ ሻንጣ አልያዘችም። ጀበና፣ ከሰል ማንደጃ፣ ሲኒ በፌስታል፣ ደግሞም በነጠላ የተሸፈነ አንድ ነገር ይዛለች። ምን እንደሆነ አልጠየቅናትም።

ጎርጎራ ስንደርስ መጀመሪያ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳለምን። ግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች ብቻቸውን አንድ ሙሉ ቀን ይበቃሉ፤ እኛ ግን ጀልባ ይጠብቀናል።

ጀልባዋ የብረት ናት። ከላይ ጥላ፣ ከኋላ አንድ ሞተር፣ ከጎንና ከጎን መቀመጫ አላት። ሠራተኞቿ ሁለት ናቸው። አንዱ ጎልማሳ ካፒቴን፣ ሌላው ገመድ የሚወረውርና የገባውን ውኃ በጣሳ የሚቀዳ ልጅ። እህቴ የምትሠራበት ላይ ለስምንት እንግዳ አምስት ሠራተኛ አለ። የፈለገ ሀብታም ቢመጣ ደግሞ ለኪራይ የሚሠሩት አብዛኞቹ ያቶች ከ12 እንግዳ በላይ አይጭኑም። ከዚያ ካለፈ እንደ መንገደኛ መርከብ ይቆጠራል፣ ሕጉም ይከብዳል።

እህቴ መሳፈሪያው ላይ ቅርጫት አስቀመጠች። "ጫማ አውልቁ።" ያት ላይ ወለሉ ውድ እንጨት ስለሆነ አሸዋና ተረከዝ እንዳይቧጭረው ሁሉም በባዶ እግሩ ነው። እናቴ እንደ ቤተ ክርስቲያን ቆጥራው ቶሎ አወለቀች። ካፒቴኑ ሮጦ መጣ።

"ኧረ እማማ፣ ጫማዎን ያድርጉ! ብረቱ ያቃጥላል፣ ሚስማርም አለው።"

ቅርጫቱ የሎሚ ማስቀመጫ ሆነ።

ጠዋት ጣና ጸጥ ይላል። ደንገል የተሸከመች ታንኳ በአጠገባችን አለፈች፤ ቀዛፊው ሰላምታ ሰጠን። ዳር ዳሩን እምቦጭ ይዞታል። እናቴ ይህን ሐይቅ አንዴ ታውቀዋለች። በልጅነቷ ከጎርጎራ ባሕር ዳር በሚመላለሰው መርከብ ተሳፍራ፣ እህል ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ ቁንዝላ አድራ ሄዳለች። "ያኔ ጫማ አውልቂ ያለኝ የለም፤ ጫማም አልነበረኝ" አለች።

ከዚያ የቡናው ነገር መጣ። እናቴ ማንደጃውን አወጣች። ካፒቴኑ አየና "እማማ፣ ቤንዚን አለ። እሳት አይሆንም" አላት።

"ትንሽ ፍም ናት እኮ ልጄ።"

"አይሆንም።"

እናቴ ዞር ብላ እህቴን አየቻት። እህቴ ለካፒቴኑ ወገነች። በያት ኪራይ ጉዞ ላይ እንግዳው የፈለገውን ያዛል፣ ደኅንነት ላይ ግን የመጨረሻው ቃል የካፒቴኑ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ኤጂያን ባሕር ላይ መልተሚ የሚባል ከሰሜን የሚነሳ ነፋስ አለ፤ ቀናት ሳያቋርጥ ይነፍሳል። አንድ ቤተሰብ ሚኮኖስ ካልሄድን ብሎ ሙጭጭ አለ። ካፒቴኑ በአንድ ደሴት ከለላ ሁለት ቀን መልሕቅ ጥሎ ቁጭ አለ። ተቆጡ፣ ደላላው ጋ ደወሉ፣ ገንዘባችን ይመለስ አሉ። አልተንቀሳቀሰም። በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ሲበርድ ነው የሄዱት። ያት የሚከራይ ሰው ይሄን ቀድሞ ይወቀው፤ የጉዞ ዕቅዱ ምኞት ነው።

ማንዳባ መድኃኔዓለም ስንደርስ እኔና ልጁ ወረድን። ገዳሙ ሴት አያስገባም። እናቴ ከጀልባው ላይ ሦስት ጊዜ ሰግዳ ተሳለመች። ስንመለስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠበል ይዤላት እንደሆነ። ይዤላታለሁ።

ምሳ ላይ እህቴ የተዘጋጀችበትን ገለጠች። ጠዋት ከዓሣ አጥማጆች ገዝታ፣ እዚያው ዳር ጠብሳ፣ በሎሚና በቃሪያ ያሰናዳችው ቆሮሶ። ነጭ ጨርቅ አንጥፋ፣ ናፕኪን አጣጥፋ፣ ከእናቴ በስተግራ ቆማ አቀረበች። ሽታው ያውዳል።

"ረቡዕ እኮ ነው" አለች እናቴ።

"እማዬ፣ ዓሣ ይበላል እኮ! ሁሉም ሰው ይበላል።"

"ሰው ይብላ። እኔ አልበላም።"

ነጠላው ተገለጠ። አገልግል ነው። ውስጡ የሱፍ ፍትፍትና ሽሮ። ሌሊት ተነስታ ሠርታዋለች። አንድም ቃል አልተናገረችም፤ "የተገኘውን" ያለችን ሴትዮ ናት።

እህቴ ምንም አላለችም። ያት ላይ እንግዳ የመለሰው ሳህን ሲመጣ ፊቷን እንዲህ እንደምታደርግ ገመትኩ። እናቴ ግን ካፒቴኑንና ልጁን ጠራች። "ኑ፣ ቅረቡ።" ካፒቴኑ ሞተር አጥፍቶ መጣ። እህቴ ግራ ገባት። እሷ ያለችበት ሠራተኛ የሚበላው ለብቻው፣ በታችኛው ክፍል፣ እንግዳው ከጨረሰ በኋላ ነው። እናቴ ልጁን አጎረሰችው፣ ካፒቴኑን አጎረሰችው። እህቴ አሁንም ቆማለች፤ ሳህን ታነሳለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ጨርቅ ታስተካክላለች።

"አንቺ፣ ቁጭ በይ!" አለች እናቴ።

ተቀመጠች። ሁለት ደቂቃ ቆየችና ተነሳች።

ዓሣውን እኔና ልጁ ጨረስነው። በጣም ጥሩ ነበር፤ ስለ ጾሜ አትጠይቁኝ።

ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ካፒቴኑ "እንመለስ፣ ነፋስ ሊነሳ ነው" አለ። ከሰዓት ጣና እንደ ጠዋቱ አይደለም። ግማሽ መንገድ ላይ ማዕበሉ ጀልባዋን ይመታት ጀመር፣ ሁላችንም ረጠብን። እናቴ ማንደጃዋን አቅፋ "በስመ አብ" ትላለች። ስለ እሳቱ ዳግም አላነሳችም።

ዳር ስንወርድ ዛፍ ጥላ ሥር ቡናው ተፈላ። አቦሉን ለካፒቴኑ ሰጠችው። እህቴ ጉርሻውን በፖስታ አድርጋ ለእሱ ሰጠች፤ ያት ላይም በካፒቴኑ እጅ ነው የሚሰጠው፣ እሱ ለሁሉም ያካፍላል። ካፒቴኑ ፖስታውን እዚያው ከፈተና የልጁን ድርሻ ቆጥሮ ሰጠው። እህቴ ይሄን አይታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። በሁሉም ያት ላይ እንዲህ በግልጽ አይደረግም መሰለኝ።

ስንመለስ አዘዞ ልንደርስ ስንል እናቴ ከኋላ ወንበር ተናገረች።

"እውነቱን ልንገርሽ?"

"ምን?"

"ረቡዕ ባይሆንም አልበላውም ነበር። ዓሣ ድሮም አልወድም።"

እህቴ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ቅጹን አወጣች፣ "እስክሪብቶ አውሰኝ" አለች።