በእግሬ ያለፍኳት ድንጋይ

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ግራ እጄ አንጓው ላይ አብጦ ጭኔ ላይ ተጋድሟል፣ ይሄን የምፅፈው በቀኝ አውራ ጣቴ ብቻ ነው ስለዚ ፊደል ካመለጠኝ እለፉኝ። ሱቁን ከፍቻለሁ፣ ግን ለመክፈት ያህል ነው እንጂ የምሰራው የለም። ጨርቅ በአንድ እጅ እንደማይቆረጥ 20 ዓመት ስሰፋ አስቤው አላውቅም። መቀሱን የሚይዘው ቀኝ ነው ግን ጨርቁን ወጥሮ የሚመራው ግራው ነው ለካ፣ ትናንት ብቻዬን ሞክሬ አንድ ሜትር ተኩል ጨርቅ አበላሸሁና ተውኩት። ለአረፋ ቀብድ የተቀበልኩባቸው 11 ጀለቢያዎች ገና ጨርቅ ሆነው መደርደሪያው ላይ ናቸው፣ ቀብዱ ደግሞ ለቤት ኪራይ ሄዷል።

ምን ሆንክ ለሚለኝ ሁሉ ከሳይክል ወደቅኩ እያልኩ ነው። አንዷ ደንበኛዬ "አንተ ነህ ወይስ ልጅህ?" ብላ ደግማ ጠየቀችኝ።

እሁድ ከእህቴ ልጅ ጋር በሳይክል ጦሳ ተራራ ወጥተን ነበር። እሱ 19 ዓመቱ ነው፣ ኮምቦልቻ መካኒካል ይማራል፣ እኔ ሐምሌ ላይ 44 እሞላለሁ። ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ጦሳ ደግሞ ከሷ በላይ ነው እንግዲህ፣ ግማሹን ሳይክሌን እየገፋሁ ነው የወጣሁት፣ ይሄ ልጅ ከፊቴ ሆኖ ሳያለከልክ ስለ ፈተናው ያወራል። ሌሊቱን የበልጉ ዝናብ ጥሎ ነበር። የምንወርድበት እግር መንገድ ማገዶ ተሸካሚዎችና አህዮች የሚመላለሱበት ነው፣ ጎርፍ መሃሉን ቦርቡሮታል፣ የባህር ዛፉ ስር አፈሩን ጥሶ ወጥቶ እንደ ገመድ ተዘርግቷል፣ ላዩ ረጥቦ ያብለጨልጫል።

መሃል ላይ አንዲት ድንጋይ አለች። ጉልበት የምታክል ደረጃ ነገር ናት፣ ከሷ በታች መንገዱ ወዲያው ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ በግራ በኩል ገደል ባይባልም ቁልቁለት ነው። የእህቴ ልጅ ቆም እንኳን አላለም፣ ዳሌውን ወደ ኋላ፣ ከጎማው በላይ ገፋ አድርጎ ክንዱን ዘርጋ አደረገና ወረዳት፣ ጎማው ድም አለ፣ አሞርዛተሩ ዋጠው፣ አለቀ። እኔ ደረስኩ፣ አየኋት፣ ፍሬን ያዝኩ፣ ከሳይክሉ ወረድኩ። በእግሬ።

ከታች ሆኖ "አጎቴ ወረድክ እንዴ?" አለኝ። ማሾፍ አልነበረም፣ እውነት ገርሞት ነው።

የወደቅኩት እዛ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ቢያንስ የሚወራ ነገር ይኖረው ነበር። የወደቅኩት ከድንጋዩዋ 50 ሜትር ያህል ወረድ ብሎ፣ ህፃን ልጅ እንኳን የማይወድቅበት ቦታ፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት ነው። ጭንቅላቴ ገና ድንጋዩዋ ጋ ነበር፣ ልመለስ እንዴ፣ ልሞክራት እንዴ፣ ይሄ ልጅ ምን አለኝ እያልኩ ሁለቱንም ፍሬን በግማሽ ይዤ እንጨት ሆኜ ስወርድ የፊት ጎማዬ እርጥብ ስር ላይ በአግድም ገባ። ስር ላይ ፍሬን አይያዝም፣ ይሄን እኔ ነኝ ለልጁ ያስተማርኩት፣ ፍሬኑን ከስሩ በፊት ትጨርስና ላዩ ላይ ጎማውን ለቀቅ አድርገህ ቀጥ ብለህ ታልፋለህ። እኔ ግን የማየው መንገዱን ሳይሆን ስሩን ነበር፣ ሳይክል ደግሞ አይን ወዳየበት ነው የሚሄደው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ፣ ሳይክል ላይ ተረት ሳይሆን ቀጥታ የምታየው ነገር ነው።

ራጅ ተነሳሁ። ስብራት አይታይም፣ ወለምታ ነው ተባልኩ፣ ግን አውራ ጣት ስር ያለች ትንሽ አጥንት ስትሰነጠቅ መጀመሪያ ራጅ ላይ ላትታይ ትችላለች ስለዚ ከ10 ቀን በኋላ ተመለስ፣ እስከዛ አትንካው አሉኝ። 10 ቀን። አረፋ እስኪደርስ ስንት ቀን እንደቀረ እየቆጠርኩ ነው ከክፍሉ የወጣሁት፣ ህመሙ ትዝም አላለኝ።

እና ትዝ ያለኝ 1992 ነው። 18 ዓመቴ ነበር። ያኔ ማውንቴን ባይክ የምንለው ነገር ስሙን እንጂ ሌላውን አናውቀውም፣ ጎማው ወፈር ያለ የቻይና ሳይክል ነበረች፣ ፍሬኗ ቸርኬ ላይ የሚነክስ ጎማ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር በተራ የምንነዳት። ጨዋታችን ከደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁል መልቀቅ ነበር፣ 25 ኪሎሜትር ገደማ ሆኖ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ትጥላለህ፣ ሐረጎ ጋ ስትደርስ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ ፍሬኑ ሲግል የተቃጠለ ጎማ ሽታ አፍንጫህ ውስጥ ይገባል፣ እኛ ሽታው ሲመጣ እንጮህ ነበር ከደስታ! ስንመለስ የጭነት መኪና ኋላ በአንድ እጅ ተንጠልጥለን ነው፣ ረዳቱ ጨርቅ እያወዛወዘ ይሰድበናል። ይሄን ስፅፍ ሆዴ ይታወካል፣ ያኔ ግን አንዲት ሌሊት እንቅልፍ አልነሳኝም።

አንድ ቀን ሐረጎ መታጠፊያው ላይ ፍሬኑ እምቢ አለ። አይሱዙ ከፊት እየመጣ ስለነበር ወደ ድንጋዩ ጥግ ገባሁ፣ አንገትና ትከሻ መሃል ያለችው አጥንቴ ተሰበረች። እቤት እንዳይሰማ ቀጥታ ሰፈር ያሉ ወጌሻ ጋ ነው የሄድኩት፣ በቅቤ አሽተው፣ ክንዴን በነጠላ አንገቴ ላይ አስረው "አብሽር ልጄ፣ ወንድ አይደለህ" አሉኝ፣ ገንዘብ አልጠየቁኝም። በጎ ሰው ናቸው ብዬ 26 ዓመት ሙሉ አመሰገንኳቸው። በስድስተኛው ሳምንት ሳይክሉ ላይ ነበርኩ። (በነገራችን ላይ ወጌሻ አትሂዱ እያልኩ አይደለም፣ ግን ራጅ ሳይነሳ አጥብቆ ማሰር ስንቱን እጁን አሳጥቶታል፣ ጣት ከደነዘዘ ወይ ከጠቆረ ማሰሪያውን ፈትታችሁ ሩጡ።)

ትናንት እናቴ ቡና ልታፈላልኝ ሱቅ ድረስ መጣች። እጄን አየችና "ደግሞ እንደ ሐረጎው ልትዋሸኝ ነው?" አለች። እኔ ምን ሐረጎ ብዬ ልክድ ስል ሳቀች። ሸሚዝህን በአንድ እጅ ስታወልቅ አይቼህ ነበር፣ ወጌሻው ጋ ሁለት ኪሎ ቅቤና አንድ ዶሮ ይዤ ሄድኩ፣ አትንገሩት አልኳቸው አለችኝ። ቀጠለችና "አንተ የምትቀዳውን ውሃ ስድስት ሳምንት ማን የቀዳው መሰለህ?" አለች። እውነት ለመናገር ማን እንደቀዳው እስከ ትናንት ድረስ ጠይቄ አላውቅም። ቦንቧው ስንት ወረፋ እንደነበረው ግን አውቃለሁ።

ሰው እድሜ ሲገፋ ፈሪ ይሆናል ይላሉ። አደጋን የሚመዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ 20ዎቹ አጋማሽ አይጠናቀቅም ሲባልም ሰምቻለሁ፣ ይሆናል። እኔ ግን ያኔም እመዝን ነበር፣ መዝኜ ነው የለቀቅኩት፣ ሚዛኑ ላይ ግን የእናቴ ቅቤ አልነበረም፣ ውሃውም አልነበረም። የራሴ አጥንት ብቻ ነበር፣ አጥንት ደግሞ በዛ እድሜ ርካሽ ነው። የልጅ አጥንት እንደ እርጥብ እንጨት ይታጠፋል፣ ጥንካሬውም እስከ 30 አካባቢ ይጨምራል፣ ከዛ ቀስ እያለ መቀነስ ነው። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት መነፅር ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ አጥንቴም ተመሳሳይ ነገር ላይ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

ይሄን ለእህቴ ልጅ ስነግረው ስልኩን አወጣ። ግሬግ ሚናር የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ጣሊያን ቫል ዲ ሶሌ ላይ በቁልቁል ውድድር የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን 39 ዓመቱ ነበር አለኝ፣ ቪዲዮውን አሳየኝ። ሬቸል አተርተን የምትባለውን እንግሊዛዊትም ጨመረልኝ፣ በ2021 ልጅ ወልዳ በ2023 ስዊዘርላንድ ሌንዘርሃይደ ላይ የዓለም ዋንጫ ውድድር አሸነፈች። ልጅቷን ደጋግሜ አየኋት፣ ያምራል ወላሂ፣ እንደ ውሃ ነው የምትወርደው። ግን እነሱ ሲወድቁ ሥራቸው ላይ ነው የሚወድቁት፣ ጎማ የሚቀይርላቸው፣ ጡንቻ የሚያሽላቸው፣ ሀኪም መንገዱ ዳር ቆሞ የሚጠብቃቸው አለ። እኔ ስወድቅ 11 ሰው አሮጌ ልብስ ለብሶ ሰላት ይሄዳል። ልጁ ሳቀ፣ እኔ የምሬን ነበር።

ከዛ እሱ ራሱ የተማረውን አወራኝ፣ ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት አራት እጥፍ ነው አለኝ፣ በሚያውቀው ሂሳብ ነው የሚሄደው ማለት ነው! ታዲያ የፊት ፍሬንህ ጎማ ለምን አልቆ ብረት ሊነካ ደረሰ ስለው ዝም። ሄልሜቱንም አየሁት፣ ባለፈው ዓመት ድንጋይ ላይ ያጋጨው ነው፣ ውስጡ ያለው ነጭ ፎም ተሰንጥቋል፣ አንዴ ከተመታ ለሁለተኛው አያገለግልም አልኩት። "ገና ያምራል እኮ" አለኝ። ያምራል፣ ምን ዋጋ አለው።

አልቆጣሁትም። በ18 ዓመቴ ሐረጎ ላይ አንድ 44 ዓመት የሚሆነው ሰው አስቁሞ ቢመክረኝ ሽሙጥ አዘጋጅቼ ነበር የማልፈው። ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ እሁድ እሱ በሙሉ ልቡ ወርዶ ምንም አልሆነም፣ የወደቅኩት የተጠነቀቅኩት እኔ ነኝ። ጥንቃቄ ራሱ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ክንድን ያደርቃል፣ የደረቀ ክንድ ደግሞ መንገዱን አይውጥም። ወይ ከሳይክሉ መውረድ ነው ወይ መንዳት ነው፣ በግማሽ ልብ መንዳት ነው የሚጥለው። ድንጋዩዋ ጋ ከሳይክሉ መውረዴ ልክ ነበር፣ ከወረድኩ በኋላ ማፈሬ ነው እጄን የበላው።

ባለቤቴ ሳይክሉን ሽጠው አላለችም፣ ያልጠበቅኩት እሱን ነው። "ስትሄድ የማትበሳጭ ሰው ሆነህ ትመለሳለህ" ብላ ዝም አለች። ከዛ ግን ከአረፋ በፊት ሁለተኛ እንዳላይህ አለች፣ ይሄኛው ጠንካራ ነበር።

አሁን ማታ 1 ሰዓት ሆኗል፣ የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ መጥቶ ሱቅ ውስጥ ተቀምጧል። ከአሮጌ ጂንስና ከፍራሽ ስፖንጅ የጉልበትና የክርን መከላከያ ልሰፋ አስቤ ነበር፣ አንድ ለኔ አንድ ለሱ፣ ላስቲክም ተርፎኛል። የኔን ሞዴል ከወረቀት ሰርቼ ሳሳየው "አጎቴ ይሄን አድርጌ ጓደኞቼ ካዩኝ አለቀልኝ" አለ። ትንሽ ቆየና "ጥቁር ቢሆን ግን..." አለ።

ጥቁር ጂንስ ነበረኝ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፣ መቀሱን በቀኝ ያዝኩና በዛ በኩል ሆነህ ወጥርልኝ አልኩት። ወጠረ፣ ግን አላወቀበትም፣ ወደ ራሱ ይጎትተዋል።

"ጠመመ እኮ አጎቴ።"

"ቀስ በል፣ አትጎትት፣ ያዝ ብቻ።"