ጎደሎ ገጾች

ዛሬ ረፋድ ላይ መጽሐፌ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ መጣ። ሁለት ካርቶን። ባጃጅ ላይ ጭኜ በድሬዳዋ፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ስር ሳልፍ ሹፌሩ «ምንድነው፣ ሳሙና ነው?» አለኝ። «መጽሐፍ» አልኩት። «የማን?» ሲለኝ «የኔ» ለማለት አፈርኩ። የድሬ ሙቀት አልበቃ ብሎኝ በሀፍረትም አላበኝ።

እማዬ ቀፊራ ገበያ ኦቾሎኒ ትቸረችር ነበር። መጠቅለያዋ በኪሎ የምትገዛው አሮጌ መጽሐፍ ነው። ደንበኛ እስኪመጣ ገጾቹን አነባለሁ። ታዲያ ልብ ሲንጠለጠል ገጹ ያልቃል። ቀጣዩ ኦቾሎኒ ይዞ ሄዷል! መጨረሻውን ማታ ተኝቼ እፈጥረዋለሁ። መጻፍ የጀመርኩት ያኔ ነው፣ እርሳስ ሳልይዝ።

በኋላ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ላይ ደረስኩ። ጠፍቶ የተመለሰውን ልጅ ሁሉም ያውቀዋል። እኔን የያዘኝ ታላቅ ወንድሙ ነው። ተቆጥቶ ደጅ ቆመ፤ አባቱ ወጥቶ ለመነው፤ ከዚያ... ገባ አልገባ ሳይነገረን ምዕራፉ ያልቃል። የተቀደደ ገጽ መስሎኝ አገላብጬ አየሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካደግነው ብዙዎቻችን ያ ልጅ ነን ባይ ነኝ። መጽሐፌ ስለዚያ ደጅ ነው። 6 ዓመት ፈጀብኝ (ሁለቱን የበላው ስንፍናዬ ነው)።

ቤት ስደርስ ለእማዬ አንዱን ሰጠኋት። ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ዳሰሰችና «ወፍራም ነው፣ ለኦቾሎኒ አይሆንም» አለች። ከዚያ ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችው።