ሳሎኔ ሻኛ ያበቀለበት ወር

የሳሎኔን ወለል ምን ላልብሰው እያልኩ ሁለት ወር ሙሉ ናሙና ተሸክሜ ዞሬያለሁ። የተጨነቅኩት ግን በማያስጨንቀው ነገር ነበር።

ምርጫው ራሱ ያን ያህል አያስቸግርም። ድፍን እንጨት ሲያረጅ ተፍቆ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ አዲስ ይመስላል፤ እርጥበት ሲያገኝ ግን ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ከላይ ስስ እንጨት፣ ከሥር የተነባበረ ጣውላ ያለው ዓይነት ረጋ ያለ ነው። የላይኛው ሽፋኑ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን ደጋግሞ መፋቅ የለም። ላሚኔት እንጨት የሚመስለው የታተመ ወረቀት ስላለበት ነው፤ ሆዱ የተጨመቀ የእንጨት ቃጫ ነው። ቪኒል ፕላስቲክ ነው። እንጨት ነኝ ብሎ ይዋሻል እንጂ ውሃ አይፈራም። እንጨት መሳይ ሴራሚክም አለ፤ እግር ያቀዘቅዛል ብዬ ተውኩት።

ላሚኔት ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ «ውሃ የማይበግረው» ይላል፤ አመንኩ። ክፍሉን እንዲለምድ 48 ሰዓት አስቀምጡት ይላል፤ አስቀመጥኩ።

ከሥር ያለው የሲሚንቶ ወለል፣ ሊሾው፣ ከፈሰሰ ገና 5 ሳምንቱ ነበር፤ ውፍረቱ 6 ሴንቲ ሜትር። «ደርቋል ወይ?» ብዬ ሠራተኛውን ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ በእጅዎ ይንኩት እስቲ። ድንጋይ ሆኗል እኮ!»

ነካሁት። እውነትም ድንጋይ ሆኗል። መጠንከርና መድረቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማን ይንገረኝ! በልምድ የሚባለው ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ያህል ነው። የእኔ ሊሾ ከሁለት ወር በላይ ይፈልግ ነበር። እርጥበቱ ወደ ላይ እንዳይወጣ ከሥር ላስቲክ ይነጠፍ ስል «ምን ያደርጋል?» አለኝ፤ ዝም አልኩ። እስካሁን የሚያናድደኝ የእሱ መልስ ሳይሆን የእኔ ዝምታ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ስንረግጠው ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረ። ከዚያ የጣውላዎቹ ጠርዝ ተነሳ። በወሩ በሩ አጠገብ ሻኛ አበቀለ፤ በሩ አልከፈት አለ። ዞኮሎውን፣ የግድግዳውን የግርጌ ጠርዝ፣ ስነቅል ጣውላው ከግድግዳው ጋር ገጥሟል። ሲሰፋ መሄጃ እንዲያገኝ በመሃላቸው 10 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መተው ነበረበት። አንዱን ጣውላ ሳነሳ የጉድጓድ ሽታ ወጣ።

ሻጩ «የአነጣጠፍ ችግር ነው» አለ። ሠራተኛው «የዕቃው ችግር ነው» አለ። «ውሃ የማይበግረው» የሚለው ቃልም ከላይ ለሚፈስ ውሃ እንጂ ከሥር ለሚመጣ እርጥበት አልነበረም። ድፍን እንጨት ቢሆን ሲደርቅ ምናልባት ይመለስ ነበር። ያበጠ ላሚኔት ግን አይመለስም። ሁሉንም ነቅዬ ጣልኩ።

ስለዚህ ካርቶኑ የሚለውን 48 ሰዓት ብቻ አትቁጠሩ። እሱ ለጣውላው ነው፤ ስለ ሊሾው ምንም አይነግራችሁም። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ሊሾው ላይ ዘርግታችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋችሁ አንድ ቀን ተዉት። ከሥሩ ላብ ካለ ወይም ሊሾው ከጠቆረ አትንኩት። ደረቅ ሆኖ ቢታይም በእርጥበት መለኪያ አስለኩ፤ ላስቲኩ በጥልቀት ያለውን አያሳይም። ሠራተኛው ቢያኮርፍም ያኩርፍ።

ሁለተኛውን ጊዜ ሊሾው እስኪደርቅ ጠብቄ ቪኒል አስነጠፍኩ። ባለቤቴ ከእንጨት አይለይም ትላለች። እኔ እለየዋለሁ፤ ግን ዝም ብያለሁ። አንዷን ያበጠች ጣውላ አልጣልኳትም። ቤት የሚያሠራ ጓደኛ በመጣ ቁጥር ከአልጋ ሥር አውጥቼ አሳየዋለሁ።