በር ላይ የሚሰቀለው ፑሊና የደረቀው ትከሻዬ

ግራ ትከሻዬ ከደረቀ 6 ወር ሊሞላው ነው፣ ሸሚዝ መልበስ ራሱ ጣጣ ሆኖብኝ ፊዚዮቴራፒስቷ በር ላይ የሚሰቀለውን ፑሊ ገዝቼ ቤት እንድሰራ ነገረችኝ። እቃው ሲያዩት ምንም አይደለም፣ አንዲት ትንሽ ፑሊ (ገመድ የሚያልፍባት ተሽከርካሪ ጎማ)፣ ገመድ፣ ሁለት እጀታ፣ ከዛ በበሩ ላይ የሚያልፍ ጫፉ ወፈር ያለ ማሰሪያ። በቃ ሰቅሎ መሳብ ነው ብዬ 3 ሳምንት ሙሉ በስህተት ሰራሁት።

መጀመሪያ የሰቀልኩት ወደኔ በሚከፈት በር ላይ ነበር፣ ሳብ ሳደርገው በሩ ብርግድ አለና ፑሊው አናቴ ላይ አረፈ። ለካ መቀመጥ ያለብን በሩን ገፍተን በምንከፍትበት በኩል ነው፣ እንደዛ ሲሆን በሳብነው ቁጥር መቃኑ ላይ ይጠብቃል እንጂ አይከፈትም። ወፍራሙ ጫፍ በወዲያኛው በኩል ይቀርና በሩ ይዘጋል፣ ይቆለፋል። ከመቀመጤ በፊት አሁን ሁለት ሶስቴ ጎተት ጎተት አደርገዋለሁ፣ አናቴ ተምሯል።

ዋናው ጣጣ ግን የገመዱ ርዝመት ነው። ለረጅምም ለአጭርም እንዲሆን ረዘም ተደርጎ ነው የሚመጣው፣ እኔ ደሞ እንዳለ ተጠቀምኩት፣ ደህናው እጄ ወርዶ ወርዶ ጉልበቴ ጋ ሲደርስ የታመመው ገና ደረቴ ጋ ነው። አለካኩ እንዲህ ነው፦ ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ የታመመውን እጅ ጭናችሁ ላይ አሳርፉት፣ ደህናውን ወደላይ ዘርጉት፣ በዛች ሰአት ገመዱ ወጠር ማለት አለበት። ካልተወጠረ እጀታው ጋ ቋጥሮ ማሳጠር ነው፣ እኔ ሁለት ስንዝር ቀነስኩለት። ሲጀመር ፊትን ወደ በሩ አድርጎ መቀመጥ ይቀላል፣ ሲለመድ ጀርባ ለበሩ ይሰጥና ክንድ የበለጠ ከፍ ይላል።

ሌላው፣ ፑሊው ራሱ ሸክም የሚያቀል እንዳይመስላችሁ፣ አንድ ቦታ የታሰረ ፑሊ የጉልበቱን አቅጣጫ ብቻ ነው የሚቀይረው፣ የሚሰራው ደህናው እጅ ነው፣ የታመመው ዝም ብሎ ይከተላል። ጂም ያሉ ኬብል ማሽኖች (ክብደት በገመድ የሚሳብባቸው) ግን ተንቀሳቃሽ፣ ማለትም ከክብደቱ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ፣ ፑሊ ያላቸው አሉ፣ እነሱ ላይ 10 ኪሎ ብታስገቡ እጃችሁ ላይ የሚሰማው 5 አካባቢ ነው፣ ስለዚ ማሽን ስትቀይሩ ቁጥሩን ብቻ አትመኑ።

ትከሻ ወደ ጆሮ ሽቅብ ከወጣ ደሞ ማታለል ነው፣ ክንዱ ከፍ ያለ ይመስላል እንጂ አላለም፣ እኔ ፊት ለፊት መስታወት ካስቀመጥኩ በኋላ ነው የነቃሁት። ላይ ደርሼ 5 ሰከንድ ያህል እቆያለሁ፣ 10 ጊዜ። ወጠር ማለቱ ችግር የለውም፣ ወጋ ካደረገኝ ግን ወዲያው አወርደዋለሁ፣ ማታ እንቅልፍ ከነሳኝም አብዝቼዋለሁ ማለት ነው። ትከሻው ጅማት ተሰፍቶ ከሆነ ግን ሀኪሙ ሳይፈቅድ ፑሊ አይነካም፣ ስፌቱ ሊበጠስ ይችላል።

የታመመው እጄ መጨረሻ ከፍ ሲል ፑሊው አፍ ላይ የምትውለዋን የገመዱን ቦታ በየሳምንቱ በማርከር አሰምራለሁ፣ ከመጀመሪያዋ መስመር አሁን አራት ጣት ርቄያለሁ። ትናንት ግን ልጄ አሻንጉሊቷን እጀታው ላይ አስራ ሽቅብ ቁልቁል ስታደርጋት አገኘኋት፣ ቋጠሮዬንም ፈታዋለች፣ እና ይኸው እንደገና ወንበር ስቤ ልለካ ነው።