ማኮብኮቢያው ላይ ማን አለ?

እኛ ባሕር ዳሮች የአውሮፕላን አደጋ ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰን መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚሁ ከከተማችን ሲነሳ በሁለቱም ሞተሮቹ እርግቦች የገቡበትና 35 ሰዎች ያለቁበት ቦይንግ 737 ነው። በአቪዬሽን ታሪክ ብዙ ሕይወት የቀጠፈው ግጭት ግን የደረሰው በሰማይ ሳይሆን በምድር ነው፤ መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በስፔኗ ቴኔሪፌ ደሴት ጉም በሸፈነው ማኮብኮቢያ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። የኔዘርላንድሱ አየር መንገድ የኬኤልኤም አብራሪ የመነሻ ፈቃድ ሳይሰጠው መንደርደር ጀመረ፤ የአሜሪካው አየር መንገድ የፓን አም አውሮፕላን ገና ከማኮብኮቢያው እንዳልወጣ የሚገልጸው መልእክት ደግሞ ከበረራ ተቆጣጣሪው የሬዲዮ ንግግር ጋር በአንድ ጊዜ በመተላለፉ በጩኸት ተዋጠ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ታኅሣሥ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. በቶኪዮ ሐኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰው ግጭት ነው። በሚያርፈው ኤርባስ ውስጥ የነበሩት 379 ሰዎች በሙሉ ተረፉ፤ ማኮብኮቢያው ላይ ቆሞ በነበረው የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ከነበሩት 6 ሰዎች ግን 5ቱ ሞቱ። በተቆጣጣሪዎቹ ስክሪን ላይ የታየውን፣ ማኮብኮቢያው መያዙን የሚጠቁም የማስጠንቀቂያ ምልክት ማንም አላስተዋለውም። በእኔ እምነት እንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያ በተቆጣጣሪው በኩል ብቻ መምጣቱ ቀርቶ፣ የእኛን ከተማ ጨምሮ በየትኛውም ማረፊያ፣ በቀጥታ ለአብራሪው ሊደርስ ይገባል።