8.8

ዛሬ ሱሉልታ አንድ በያጅ ቤት ዋልኩ። ለአሮጌዋ ላንድክሩዘሬ የዊንች (ጭቃ የያዘውን መኪና በገመድ ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ) ማሰሪያ ላሠራ። (አምና ክረምት የመረሬ ጭቃ ምን እንዳደረገኝ እኔ ነኝ የማውቀው።)

"ጋሼ፣ ፓራውልቱ ላይ በይዱልኝና ልሂድ" አልኳቸው።

ሳቁብኝ። "ልጄ፣ ዊንቹ ፓራውልቱን ነቅሎ ይሄዳል፤ መኪናህ እዚያው ጭቃ ውስጥ ትቀራለች።"

ለካ ማሰሪያው መታሰር ያለበት ከሻንሲው (ከመኪናው ዋና የብረት አጽም) ጋር ነው፣ ያውም በብሎን። 2 ቶን ለምትመዝን መኪና 3 ቶን ገደማ የሚስብ ዊንች ያስፈልጋታል። ያ ሁሉ ጉልበት ብሎኖቹ ላይ ነው የሚያርፈው።

የገዛሁትን ብሎን ተቀበሉኝ። ጭንቅላቱን በእጅጌያቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ በር ላይ ወጥተው፣ ልክ እንደ ደብዳቤ አነበቡት።

"4.8። ይሄ ለአልጋ ነው።"

ከአንድ የዘይት ጣሳ ሌላ አወጡ። 8.8 ይላል። ውፍረቱ ያው፣ መልኩ ያው። ጥንካሬው ግን እጥፍ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት መኪና ስነዳ ብሎን ላይ ቁጥር መኖሩን አላውቅም ነበር።

አሁን ቤት ገብቼ ያገኘሁትን ብሎን ሁሉ እያነበብኩ ነው። የበሩን፣ የደረጃውን፣ የውሃ ታንከሩን መቆሚያ። አብዛኞቹ ላይ ምንም አልተጻፈም።