ከኤርሊያን እስከ ጎቢ፦ ባለቤት ያጣው ጉድጓድ

ከቻይና ወደ ሞንጎሊያ የሚሄደው ባቡር ኤርሊያን በምትባለው የድንበር ከተማ ለሰዓታት ይቆማል። የቻይና ሐዲድ ስፋቱ 1,435 ሚሊሜትር ነው፤ የሞንጎሊያው ግን በሶቪየት ልክ ስለተዘረጋ 1,520። ተሳፋሪው እንደተቀመጠ ፉርጎው ወደ ላይ ይነሳና መንኮራኩሩ ከነተሸካሚው ይቀየራል። ሞንጎሊያ ወደ ውጭ የምትልከውን አብዛኛውን ዕቃ የምትሸጠው ለቻይና ነውና ይህ የ85 ሚሊሜትር ልዩነት ለነጋዴው ቀላል ወጪ አይደለም።

በሞንጎሊያ ዋና ከተማ ኡላንባታር፣ ሱኽባታር አደባባይ ላይ ያለው የአክሲዮን ገበያ ቀድሞ የልጆች ሲኒማ ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 የመንግሥት ንብረት ወደ ግል ሲዛወር ለእያንዳንዱ ዜጋ የ10,000 ቱግሪክ (የአገሩ ገንዘብ) ኩፖን ታደለ፤ 7,000ው ለትልልቅ ድርጅቶች፣ 3,000ው ለሱቅና ለከብት። ነግዴል በሚባሉት የአርቢዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅ የነበሩት እንስሳትም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቤተሰቦች ተከፋፈሉ።

ስህተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ፍየል ይከፋፈላል፤ ጉድጓድ፣ የድርቆሽ ክምችትና የከብት ሐኪም ግን አይከፋፈሉም። ጎቢ በረሃ ውስጥ ካየሁት አንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ፓምፑ የታሰረባቸው የዛጉ ብሎኖች ብቻ ቀርተዋል። ውሃው በገመድና በባልዲ ይቀዳል። የሚጠግነው ባለቤት የለውማ! ጉድጓዱ ሲደርቅ ወይም ሲበላሽ መንጋው ሁሉ ውሃ ወዳለበት ይጎርፍና የዚያ አካባቢ ሣር ያልቃል።

ጥሬ ገንዘብ የሚያስገኘው ካሽሚር የሚባለው የፍየል ለስላሳ ጠጉር ነው። በጸደይ ፍየሏን እግሯን አስረው በጎኗ ያስተኟታል፤ ጫፉ በታጠፈ የሽቦ ማበጠሪያ ከአንገት ወደ ኋላ እየሳቡ ከረጅሙ ጠጉር ሥር ያለውን ለስላሳ ያወጣሉ። ከአንዲት ፍየል የሚገኘው 250 ወይም 300 ግራም ቢሆን ነው፤ ለአንድ ኪሎ አራት ያህል ፍየል ያስፈልጋል። ገንዘብ ቸግሮት ቀድሞ ያበጠረ ሰው፣ ድንገተኛ የጸደይ ውርጭ ሲመጣ የተራቆቱት ፍየሎች ያልቁበታል። የዘገየም ጠጉሩ ረግፎ ይቀርበታል።

በካሽሚሩ ገንዘብ የተነሳ እ.ኤ.አ. በ1990 ከ5 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጡት ፍየሎች በ2018 ወደ 27 ሚሊዮን ደረሱ። ፍየል ደግሞ ሣሩን እስከ ሥሩ ትግጣለች። ሞቃቱ ወቅት ዝናብ አጥቶ የብርዱ ወቅት ሲበረታ፣ በረዶው ቀልጦ መልሶ እንደ ብረት ሲጠጥር፣ እንስሳው ከሥሩ ያለውን ሣር መድረስ አይችልም። ይህን ዙድ ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2002 በተከታታይ በመጣው ዙድ 11 ሚሊዮን ያህል እንስሳት አለቁ።

እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው የእንስሳት መድን የሚከፍለው በአርቢው ኪሳራ ልክ ሳይሆን ሶም በሚሉት ወረዳቸው በሞተው እንስሳ መጠን ነው። መንጋውን በደንብ ጠብቆ ያተረፈ አርቢም ካሳው አይቀርበትም። ጉድጓዱን የሚያስጠግን መድን ግን አላጋጠመኝም።